አንዲት ፍሬ ቆሎ

ልጅ ሳለሁ፣ ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ እኛ ቤት ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። እሳትማ በየቤታቸው አለ፤ የሚስባቸው አያቴ ነበሩ። የአባቴ አባት ናቸው፤ የደብራችን ቄስ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ትከሻቸው እንጂ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ያኔ የምንኖረው ዝቋላ ውስጥ፣ ሰቆጣ ለመድረስ መንገድ ላይ ማደር ግድ በሚልበት ቀዬ ነበር። አያቴ ተረቱን በቀዬው ቋንቋ፣ በኸምጣኛ ይጀምሩና ጅቡ ሊያዝ ሲል ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ጅብ አማርኛ ስለማይሰማ የሚመጣበትን እንዳያውቅ ነው ብለው አሾፉብኝ። እኔም አመንኳቸው። ያኔ ያሉትን ሁሉ አምን ነበር፤ የመጣውም ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

የእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የኩራዟ ብርሃን የአያቴን ጥላ ግድግዳው ላይ እያስረዘመው፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ እንሰማቸዋለን። ሌሎቹ ልጆች ወደ እሳቱ ለመጠጋት ይጋፋሉ። የእኔ ቦታ ግን ከሁሉም ኋላ፣ ከመደቡ ጥግ ነበር። እናቴ እሳት አታስጠጋኝም ነበር፤ ምክንያትም ነበራት።

ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ጀምሮ ይጥለኝ ነበር። እኔ የማውቀው ከወደቅሁ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። የነከስኩት ምላሴ ያመኛል፣ ልብሴ እርሷል፣ አፍንጫዬ ሥር የተጫረው ክብሪት ይሸተኛል፣ ሰዎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል። ከአፌ የሚወጣው አረፋ የነካው ሰው ላይ ይጋባል ስለሚባል ከቤተሰቤ በቀር የሚነካኝ አልነበረም። አንዱ ጋኔን ነው ይላል፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ተረት ሊሰሙ የሚመጡት ልጆች እንኳ እኔ በጠጣሁበት ጣሳ አይጠጡም ነበር፤ ተረቱን ግን ከእኔ ጋር ይሰሙታል፤ ተረት አይጋባም መሰላቸው።

ጸበሉን ብዙ ከተመላለስን በኋላ አባቴ በበቅሎ ጭኖ ሰቆጣ ወሰደኝ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም አባቴ ፊደል ስላልቆጠረ፣ እንዳይረሳው ብሎ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ለበቅሎዋ ሲደግምላት ነበር። ጋኔንም እርግማንም አይደለም፣ ከአንጎል የሚነሳ ሕመም ነው። ሰው ላይ አይጋባም። ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት፣ ከእሳትና ከገደል አርቋት፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪቱንም ተዉት። እንክብሉን ጠዋትና ማታ ትዋጥ። ተሻላት ብላችሁ እንዳታቆሙ። በቅሎዋ ከእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ይልቅ የተማረች ሆና ቤት ገባች።

እናቴ መድኃኒቱ ከጸበሉ ጋር ይጣላል ብላ ሰግታ ነበር። አያቴ ጸበሉንም መድኃኒቱንም የፈጠረ አንድ ነው አሉና ነገሩ በዚያው አለቀ። እንክብሉን ከጀመርኩ በኋላ ዓመት ሙሉ ሳልወድቅ ቆየሁ። ቀስ በቀስ እናቴ መርሳት ጀመረች፣ እኔም ከመደቡ ጥግ ተነስቼ ወደ እሳቱ ተጠጋሁ።

ከዚያ ፍልሰታ ደረሰ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት እናቴ፣ ጠዋት የምትውጠው እንክብልና ውኃ ቁርባኑን አይከለክላትም ወይ ብላ አያቴን ጠየቀቻቸው። አያቴ፣ ለታመመ ጾም የለበትም፣ ትዋጥና ትቁረብ፣ የንስሐ አባቷ እኔ ስለሆንኩ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን አሏት። ይህ ፈቃድ ለእናቴ የተነገረ ነው። ለእኔ የተነገረኝ ተረቱ ነበር።

በዚያው ማታ አያቴ ጅቡን ትተው ስለ አንድ ልጅ ተረኩልን። ልጁ ለፍልሰታ ሊቆርብ ነጭ ለብሶ ሲሄድ፣ ጎረቤት ማሽላ ሲቆላ ይሸተዋል። አንዲት ፍሬ ቆሎ ምን ታደርጋለች ብሎ ከምላሱ ሥር ይደብቃታል። ማንም አላየውም። ቁርባን ግን እሳት ነውና፣ ልጁ አፉን ሲከፍት ያቺ ፍሬ ፍም ሆነች፤ ልጁም በመቅደሱ ደጃፍ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። አያቴ ይህንን ሲሉ የራሳቸውን እጅ አንቀጠቀጡ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። አያቴ አላስተዋሉም፤ ዓይናቸው እሳቱ ላይ ነበር።

ነገር በምሳሌ ይባላል። እኔ ምሳሌውን እንደ ነገሩ ወሰድኩት። እንክብሏ ከቆሎ ፍሬ አትበልጥም ነበር። ለእናቴ ሲሰጡ የሰማሁት ፈቃድ ደግሞ ስለሚወዱኝ ያደረጉልኝ አድልዎ መሰለኝ። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት እንክብሏን ከምላሴ ሥር አቆየሁና፣ እናቴ ፊቷን ስታዞር ከመደቤ ራስጌ ባለው የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቅኋት። ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ እንዲሁ አደረግሁ። እንዳልታዘዝኩ አልተሰማኝም። ይልቁንም ኮራሁ። ከሌሎቹ ልጆች ጋር ጉሮሮዬ ደርቆ ቆሜ፣ ከአያቴ እጅ ስቀበል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንም የማላንስ ንጹሕ ልጅ ሆንኩ። በጣሳዬ የማይጠጡት ልጆች በአንድ እርፈ መስቀል፣ በአንዱ የቁርባን ማንኪያ፣ ከእኔ ጋር ሲቀበሉ እያየሁ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ ማታ ተረት እየሰማን ወደቅሁ። ወደ እሳቱ ነው የወደቅሁት። ቀሪውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ልጆቹ እየጮኹ ወደ በሩ ሸሹ፤ እሷ ከጓዳ እስክትደርስ አያቴ ምድጃው ውስጥ ገብተው አወጡኝ። የእኔ ግራ እጅ ተቃጠለ፤ የእሳቸውም መስቀል የሚይዙበት ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው ተላጠ። በቆሰለ እጅ መቅደስ ገብቶ ማገልገል አይቻልምና፣ አያቴ የቀረውን ፍልሰታ ከምእመናኑ ጋር ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆመው አስቀደሱ።

ቤታችን የገባው ግን ከቁስሉ የባሰ ነበር። መድኃኒቱ ከዳን ተባለ። ጎረቤቶቻችን ድሮም የማይሆን ነገር ነው አሉ፤ እናቴ አለቀሰች፤ አባቴ ደግሞ እንክብሎቹ ያሉበትን ጣሳ ከተሰቀለበት አውርዶ፣ ነገ ከገደል እጥለዋለሁ፣ ዳግመኛም ሰቆጣ አልሄድም ብሎ ማለ። እኔ መደቤ ላይ ተኝቼ ሁሉንም እሰማለሁ። ስንጥቁ ውስጥ ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሆኖም ዝም አልኩ፤ የጣለኝ ማታ ማታ የምውጠው እንክብል ነው ብዬ አምኜ ነበርና።

አያቴ የታሰረ እጃቸውን ይዘው አጠገቤ ቁጭ ብለው ያድሩ ነበር። በዚያች ማታ ዝናቡ ግድግዳውን አርሶት ምርጊቱ ተላቆ ወደቀ፤ እንክብሎቹም አብረውት መደቡ ላይ ተበተኑ። አያቴ በደህና እጃቸው አንዲቱን አንስተው ወደ ኩራዙ አስጠጉና አዩአት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ዝናሽ፣ ምነው ልጄ?»

«ልጁን የጣለው ቆሎው ነው ብለውን የለ እንዴ፣ አባ?»

 እንክብሏን ከመዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ሲናገሩ ድምፃቸው የቄስ ድምፅ አልነበረም።

«ልጁን የጣልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሲነግሩኝ አይወድቅም ነበር፤ አልቅሶ ቤቱ ይመለሳል እንጂ። እንድትፈሩ ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ጨመሩበት። «ሰው ሲወድቅ እንዴት እንደሚሆን ያየሁትም ካንቺ ነው።»

ተነስተው አባቴን ቀሰቀሱት። ጣሳውን ከራስጌው አንስተው መልሰው ሰቀሉት። መድኃኒቱ አልከዳንም፣ ልጅቱን የከዳናት እኛ ነን፣ እኔ ነኝ እያሉ ሲነግሩት እሰማ ነበር። እጃቸው ሳይድን፣ የመንገዱም ወንዝ ሳይጎድል፣ ከአባቴ ጋር ሰቆጣ ድረስ ሄደው ሐኪሙን ራሳቸው ጠየቁት። እንክብሉ ለጥቂት ቀን እንኳ ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ እንደሚችል ነገራቸው። ሲመለሱ ይህንኑ በሰንበት ለምእመናኑ ተናገሩ፤ ጥፋቱን የእኔ ሳያደርጉ፣ «በእኔ ተረት የተነሳ» እያሉ።

ከዚያ አንድ ማታ ልጆቹ ሁሉ እንዲመጡ አስጠሩ። ተረት መስሎን ተሰበሰብን። አያቴ ቁጭ አላሉም። በእሳቱና በእኛ መካከል ቆመው፣ ያ ልጅ አልወደቀም፣ ውሸቴን ነው አሉ። ዝናሽን የነካ ምንም አይሆንም፣ ይኸው እኔ ነክቻታለሁ ብለው የታሰረውን እጅ አሳዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ ሰው ሁሉ ለእሳቸው እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ አሉልኝ።

«ፍቺኝ፣ ልጄ።»

መልሱን አውቀው ነበር። ይፍቱኝ ለሚላቸው ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይፍታህ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሦስት ቃል የማትሞላ ነገር ናት። ልጅ ለቄስ እንዲህ ማለት አይችልም ብዬ ነው ዝም ያልኩት ስል ብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነቱ ግን እጄ ያመኝ ነበር፤ ቂም ይዤም ነበር። በቆሎው ተረት ማታ ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ያላዩኝ እሳቸው ነበሩ። እሳቱን እያየሁ ዝም አልኩ። አያቴ እንደ ጎነበሱ ጥቂት ጠበቁና ቀና አሉ።

ከዚያ ማታ በኋላ ተረት ነግረውን አያውቁም። ልጆቹ ሲለምኗቸው አለቀብኝ ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ግን እንክብሌን የሚሰጡኝ እሳቸው ሆኑ። በሚቀጥለው ፍልሰታም በዚያው በተጨማደደ እጃቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ እንክብሏን ሰጡኝና አስገብተው አቆረቡኝ። ከሰጡኝ በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆማሉ። የሚጠብቁት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ትምህርት ብዬ ሰቆጣ ስገባም፣ ለበዓል ስመለስም፣ ነገ እላቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ሲያርፉ መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው።

አሁን ሰቆጣ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ጨርቅ ለመግፋት ግን አልሰነፉም። መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ወድቄ፣ ጎረቤቶቼ በጎኔ አስተኝተው እስክነቃ ጠብቀውኛል፤ ክብሪት የሚጭር ደግሞ ዛሬም አይጠፋም። ልጄ ተረት ንገሪኝ ሲለኝ የጅቡን እነግረዋለሁ። የቆሎውንም እነግረዋለሁ። የእኔ ተረት ልጅ አይወድቅም፤ አልቅሶ ቤቱ ይመለሳል፤ አያቱም በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እንክብሏን ከመዳፌ ላይ አስቀምጬ፣ እንደሳቸው፣ ትንሽ እቆማለሁ። እግዚአብሔር ይፍታዎት፣ አባ፣ እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። ከዚያ እውጣታለሁ።