ደሴን ጫኝ ለማስቀጠር ከጭልጋ እስከ መተማ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጭልጋ

ጣሊያን ጎንደር ከገባ ሁለተኛው ኅዳር ነው። እኔ፣ የሟች እህቴ ልጅ ደሴና አንዲት አህያ ወደ መተማ ቁልቁል ተነሳን።

ደሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰባት ዓመት ፊደል አስቆጠርኩት፤ ዛሬ የያዘውን ነገ ይረሳዋል። ቀኝና ግራ እንኳ ይምታታበታል። የስንቱን ልጅ ዳዊት ያስደገምኩ መምህር በገዛ እህቴ ልጅ ተረታሁ! ሰነፍ መስሎኝ ስገርፈው ኖሬ፣ ስንፍና እንዳልሆነ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። ይቆጨኛል። አሁን መተማ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ባለግመል ጫኝ ይፈልጋሉ ሲሉ ሰማሁ። እሳቸው እምቢ ካሉ እኔ ስሞት ማን ያበላዋል? ሐሙስ ካልደረስን ደግሞ ግመሎቹ ወደ ሱዳን ይሻገራሉ።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ነጋዴ ባሕር

ሙቀቱ ጀመረን። ደሴ በየመቶ እርምጃው አህያዋን ያቆማል፣ መጫኛውን ይፈታል፣ ከአንዱ ስልቻ እፍኝ ጤፍ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ደግሞ ምን ሆነች?»

«አጋደለባት፣ አጎቴ።»

«ምኑ ነው ያጋደለው? ቀጥ ብሏል! ንዳ!»

እሱ እቴ! ሳይጨርስ አይነሳም። ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ፤ ፀሐዩ አናቴን ሲለኝ ግራር ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

ረቡዕ ቀትር፣ ገንዳ ውሃ

ኬላ ላይ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ደሴን «ስምህ ማነው?» አለው።

«ደሴ ይባላል» አልኩ።

«ወዴት ነህ?»

«መተማ ነው የሚሄደው።»

«ምላስ የለውም እንዴ?»

«አለው» አልኩ፤ እሱንም እኔው።

ሐሙስ ጠዋት፣ መተማ

ገበያው ጥጥ፣ ሰሊጥ፣ ሙጫ፣ የሱዳን ጨው ነው። ሻይ ልጠጣ የጣሊያን ሊሬ ባወጣ ባለሻዩ ፊቱን አዞረብኝ፤ ጠገራ ብር ነው የሚፈልገው። ይቅርብኝ ብዬ ሐጂን ፍለጋ ሮጥኩ።

ሐጂ ጢማቸው በሂና የቀላ ቀጭን ሰው ናቸው። ግመል አንበርክከው በግራና በቀኝ ሙጫ የሞላ ጆንያ አንጠልጥለውባታል።

«ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» አሉት ደሴን። «የትኛው ይከብዳል?»

ደሴ ወደኔ አየ። አላስችለኝ አለና «ቀኙ!» ብዬ ጮህኩ።

«እርስዎን ማን ጠየቀ? ዝም አይነቅዝም፣ የኔታ። እስቲ ወዲያ ዞር ይበሉልን» አሉኝ።

አጥሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ፤ ቆምኩ ልበል እንጂ ስንቆራጠጥ ነበር። ደሴ መዳፎቹን ከጆንያዎቹ ሥር አግብቶ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ግራውን ፈትቶ ሙጫ እየዘገነ ወደ ቀኙ ጨመረ። ምነው ሸዋ፣ ተሳስቼ ኖሯል! ሐጂ ሁለቱንም አስወርደው ሚዛን ላይ ሰቀሉ። ሚዛኑ ቀጥ አለ።

ሐጂ ወደ አህያዬ ሄዱና መደላድሉን ገልጠው ጀርባዋን ዳበሱ። አንድም ገጣባ የለባትም።

«ይችን ማን ጫናት?»

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«እኔ» አለ ደሴ።

«ወላሂ፣ ይኼን ልጅ አልለቀውም!» አሉ ሐጂ። ቀኝና ግራ እንደሚምታታበት ስነግራቸውም፣ «ቀኝ ግራ አልለውም፤ በእጄ አሳየዋለሁ» አሉ።

ደስታው እንባ አመጣብኝ። ደሴ ግን ግመሏን እያከከ ነበር።

ዓርብ ማለዳ፣ ወደ ጭልጋ

ጨው ገዝቼ አህያዋን ራሴ ጫንኳት። ከከተማው ሳንርቅ ቆመች። ብገፋት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች!

«ደሴ፣ አጋደለባት እንዴ?» ብዬ ዞርኩ።

መንገዱ ባዶ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስመልስለት የኖርኩት ሰውዬ፣ የሚመልስልኝ አጣሁ። ስልቻዎቹን አውርጄ ዐይኔን ጨፍኜ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። እኩል መሰሉኝ፤ መልሼ ጫንኩ።

አህያዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።