አመሉ ተነግሮኝ የገዛሁት ኮርማ

በጣና ዳር ከብት የሚያውቅ ሰው ብትፈልጉ ዛሬም የሚጠቁሟችሁ ወደ እኔ ቤት ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ከግድግዳ ላይ ነው። ደርግ እንደገባ በባሕር ዳር ግድግዳዎች ላይ መፈክር ሲጻፍ፣ ሰልፈኛው የሚጮኸውን በጆሮዬ ይዤ የተጻፈውን በዓይኔ እከተል ነበር። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ እኔ ማንበብ ጨርሼ ነበር፤ ሲሳሳትም አርመው ነበር። ከብትንም የተማርሁት እንዲሁ ነው፤ በማየት። በሬ ሲራመድ ከኋላው ቆሜ አይቼ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ሳያነክስ በፊት እናገራለሁ።

ስለዚህ ዘሩን የማታውቁትን ኮርማ ስትገዙ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። ሻኛው ትንሽ ከሆነ ልጆቹ ለእርሻ አይመቹም፤ ቀንበሩ ይንሸራተትባቸዋል። ቆዳው ስስ ከሆነ መዥገር ይበዛበታል። ሰኮናው ለስላሳ ከሆነ እንደኛ ባለ ረግረግ አገር ክረምቱን ሙሉ ያነክሳል። ቁመቱን ስታደንቁ የድርቆሻችሁን ክምር አትርሱ። ይህን ሁሉ ዓይን ያየዋል። ዓይን የማያየውን ግን ሻጩ ነው የሚያውቀው። በእኛ ዘንድ ሻጭ ገመዱን ለገዢ ከማስያዙ በፊት የከብቱን አመል መናገር አለበት፤ ይራገጣል፣ አጥር ይጥሳል፣ ትልም ላይ ይተኛል ብሎ። ሳይናገር ከቀረ ከብቱ ይመለስበታል። ከተናገረ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ የገዢው ነው።

ለእኔ ተነግሮኝ ነበር።

የገበሬ ማህበራችን ለመንደሩ ላሞች አንድ ኮርማ እንዲገዛ ተወሰነ። ከእንፍራንዝ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ ቄስ የፈረንጅ ዲቃላ ኮርማ እንዳላቸው ሰምተን ነበር፤ እናቱ የአገር ላም፣ አባቱ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ። በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ከብት ያየ አልነበረም። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ "ለላምም ለጊደርም የሚሆን ኮርማ ይዤ ካልመጣሁ ስሜን ለውጡት!" አልሁ። ተጨበጨበልኝ። ከአንድ ሽማግሌ ጋር የይለፍ ወረቀት ተጽፎልን ሄድን።

ኮርማውን ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ወገቡ እንደ መደብ የተስተካከለ። ሽማግሌው ጠላ ቤት ገብቶ ስለነበር ዋጋውን የጨረስነው እኔና ቄሱ ብቻ ነን። ገመዱን ለመቀበል እጄን ስዘረጋ ቄሱ ወደ ኋላ ሳቡት።

"አመሉን ሳልናገር አላስይዝህም" አሉ።

"አባ፣ አይድከሙ። እኔ አይቼዋለሁ።"

"አንተ ዓይንህን ታምናለህ፤ እኔ ነፍሴን እፈራለሁ። ስማ፣ ልጄ። አይወጋም፤ ግን ሰው ላይ ይደገፋል፤ በእሱና በግድግዳ መካከል እንዳትቆም። እንደ አገራችን ኮርማ አያጓራም፤ ሳትሰማው ከኋላህ ታገኘዋለህ። ፀሐይ አይችልም። ሲበላ የሁለት ነው።" ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። "አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጥጃው ራሰ ትልቅ ነው። የወለደች ላም ትችለዋለች፤ ጊደር ግን አትችለውም። ጊደር ላይ እንዳትለቀው። ሁለት ጊደር ቀብሬ ነው ያወቅሁት።"

"ገባኝ፣ አባ።"

"እስቲ ድገምልኝ።"

እንደ ቆሎ ተማሪ ቆሜ አምስቱንም ደገምሁላቸው። "እንግዲህ ከእኔ ወረደ" አሉና ገመዱን በእጄ አስያዙኝ።

ኮርማውን በመግዛቴ አልጸጸትም። ለወለዱ ላሞች እንደ እሱ ያለ ኮርማ አልነበረም፤ በመንደራችንም ከጊደር ይልቅ ላም ይበዛ ነበር። መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መንደር ስንደርስ ሰው ሁሉ ከቦን ቆመ። አራቱን አመሎች እኔው በዓይኔ እንደ ደረስሁባቸው አድርጌ ተናገርሁ። አምስተኛው ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ምላሱ የማያርፍ አንድ ጎረቤቴ ከፊት ቆሞ ፈገግ ሲል አየሁት። "ለላምም ለጊደርም" ያልሁትን ቃል በቃል ይዞታል። ዋጥሁት።

አትቸኩሉብኝ፤ ዘዴ ነበረኝ። የኮርማው ጠባቂ እኔው ሆንሁ፤ ተራ የምሰጠውም እኔ። ጊደር የመጣ እንደሆነ ምክንያት እየፈጠርሁ እመልስ ነበር። አንዱን ጊደርህ ገና ኮርማ አልፈለገችም፣ ሌላውን ሳል ይዟታል እያልሁ ሦስት ሰዎች መለስሁ፤ አንድም የጠረጠረ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም እንደ እኔ አይችልበትም።

ታላቅ እህቴን ግን መመለስ አልቻልሁም። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ሞቷል፤ ያላት ከብት አንዲት ቀይ ጊደር ብቻ ናት፤ ደቃቃ፣ እንደ ፍየል የምትከተላት። ይህች ጊደር ወልዳ ስትታለብ ወተቱን ወደ ባሕር ዳር ደመወዝተኛ ቤቶች ይዛ ልትሄድ፣ በሰው ቤት እህል መፍጨቷን ልትተው ነበር ሐሳቧ። ሁለት ጊዜ መጥታ መለስኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ በረቱ ደጃፍ ስምንት ወንዶች ቆመው ነበር።

"እታለም፣ ዛሬም አልሆነም" አልኋት።

"ዛሬስ ምን ተገኘ? ባለፈው ጊደሬ ከስታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ኮርማህ ከሳ?"

ሰዎቹ ሳቁ።

"ደክሞታል ነው የምልሽ።"

"የሰው ላም ስትመጣ ይበረታል፤ የእኔ ስትመጣ ይደክመዋል። ባል የሌለኝ ስለሆንሁ ነው? በል እንጂ ንገረኝ፣ ወንድምዓለም።"

ያ ምላሰኛ ጎረቤቴ ጣልቃ ገባ። "ተይው እትዬ፣ አትፍረጅበት። አዋቂያችን እንፍራንዝ ድረስ ሄዶ ኮርማ መስሎት በሬ ገዝቶ ይሆናል!"

የሳቁ ብዛት! እህቴም ሳቀች፤ እሷ የሳቀችው ግን በሐፍረት ነው፤ ስለ እኔ አፍራ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገኝ። "ጥጃው ይገድላታል" ብል ያበቃ ነበር። ገመዱን ፈታሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘጠኝ ወራት እንዴት እንዳሳለፍኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። እህቴ ጉልበቷ ድረስ ሐይቁ ውስጥ ገብታ ለምለም ሣር እያጨደች ጊደሯን ታበላት ነበር። ስታገኘኝ፣ "ና ሆዷን እይልኝ" ትለኛለች። አያለሁ። ሆዷ ከልክ ያለፈ ነው። "መልካም ነው፣ እታለም" እላለሁ። ወሯ ሲደርስ የወተት ቅሏን በወይራ አጥና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጎዳና እየዞርሁ ነው ቤቴ የምገባ።

የጊደሯ ምጥ የጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ስጠራ ሁለት የፊት እግሮች ወጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ነገር የለም። እግሮቹን በገመድ አስረን ጎተትን። ረፋድ ላይ ጊደሯ መቆም አቅቷት ወደቀች። ያን ጊዜ ከእንፍራንዝ አብሮኝ የመጣው ሽማግሌ ላቡን ጠርጎ፣ "ይህች አትወልድም። ነፍሷ ሳትወጣ ባርከን እንረዳት" አለ።

የሽማግሌው ምክር የወገን ምክር ነበር። ከብት እንዲህ ሲሆን ሳይሞት ከታረደ፣ መንደርተኛው ሥጋውን በቅርጫ ይካፈላል፤ በሚዋጣው ለባለቤቱ ሌላ ጊደር ይተካለታል። ሳይታረድ ከሞተ ግን በክት ነው፤ የሚነካው የለም፤ ባለቤቱ ባዶ ገመድ ይዞ ይቀራል። አንዱ ቢላዋውን ስሎ ቀረበ። እህቴ ሽማግሌውን አላየችም። ያየችው እኔን ነው።

"አንተ ምን ትላለህ?"

ያን ጊዜ እንኳ አፌን ብከፍት ጊደሯ ባትተርፍም እህቴ ትተርፍ ነበር። ነገር ግን ታርዳ ያ ጥጃ ከሆዷ ሲወጣ፣ ራሱን ሁሉም ሲያየው፣ "ይህን አላወቅህም ነበር?" የሚለኝ ሰው ታየኝ።

"ትወልዳለች" አልሁ። "እኔ እያለሁ ቢላዋ አይነሣም።"

"እሱ ካለ ይሁን" አለች እህቴ።

መዳፌ ተልጦ ደም እስኪያዥ ጎተትሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጊደሯ አንገቷን ዘረጋች። ባለ ቢላዋው ዘሎ ደረሰ፤ አንገቷ ላይ ቢላዋውን ሲያሳርፍ ግን ደሙ አልተፈናጠረም። ሰውየው እጁን አነሣ። "በክት ናት" አለ።

በዚያ ዘመን የማህበር ነገር ሲበላሽ አሻጥር ተብሎ ያሳስር ነበርና፣ ፈርተህ ነው ዝም ያልኸው ትሉኝ ይሆናል። ይህን እንደ ምክንያት ብሰጣችሁ በወደድሁ። ግን እስር ትዝም አላለኝ። የፈራሁት የዚያን ጎረቤቴን ፈገግታ ነው።

ያን ዕለት ሊመሽ ሲል እህቴ ወደ ቤቴ መጣች። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ተነሣሁ። በቅጠል የያዘችው ቅቤ ነበር፤ ከጎረቤት የተበደረችው። የእሷ ቤት ቅቤ ከየት ይመጣል! መዳፌን ይዛ እየቀባች፣ "ሰው ሁሉ ሲተዋት አንተ ብቻ አልተውሃትም" አለችኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ፣ "ከእንግዲህ ይህ ኮርማ ጊደር ላይ አይለቀቅም፤ ጥጃው ራሰ ትልቅ ነው" ብዬ አወጅሁ። "አንድ ጊዜ አይቶ አወቀ" ተባለልኝ። ያ ምላሰኛ እንኳ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ከቁንዝላ ሳይቀር ሰው ታንኳ ተሳፍሮ ስለ ኮርማ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ስሜ የወጣው በዚህ ነው። ቃሉ የቄሱ ነው፤ የተከፈለበት ደግሞ የእህቴ ጊደር ናት። እሷ ከዚያ በኋላ ከብት አልነበራትም፤ ወፍጮ እንደ ገፋች ነው ያረጀችው።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ የልጇ ባል አንዲት ጊደር ገዝቶ እኔን ለማማከር ወደ እሷ ቤት አስጠራኝ። መጀመሪያ ለአገር ኮርማ ስጣት፤ ከወለደች በኋላ ዲቃላውን ብትሻ አይጎዳትም አልሁት። እህቴ ጥጥ እየፈተለች ትሰማ ነበር። እንዝርቷን አቆመች።

"ምነው ይህን ያን ጊዜ ባወቅኸው ኖሮ" አለች። ያዘነችው ለእኔ ነው። "ምን ታደርግ፤ ያ ሻጭ አልነገረህም።"

"አዎ፣ እታለም" አልኋት። "አልነገሩኝም።"

የልጇ ባል ደግሞ ስለ ሻኛ ጠየቀኝ። ረጅም መልስ ሰጠሁት።