የታሸገውን ካርታ ያስከፈትኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰላም ከአዲስ አበባ መጥታ ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ ሰነበተች። ምሳ በልተን ገበታው ሳይነሣ ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ እሽግ መጫወቻ ካርታ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ምትሃተኞች፣ ማጂሺያን የምንላቸው፣ እንዲህ ያለውን ካርታ እየተሻሙ እንደሚገዙት ነገረችኝ። ጥቂት ብቻ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ አይደገምም። የገዛውም ሰው መደርደሪያ ላይ አኑሮ ያየዋል እንጂ አይጫወትበትም።

«ማሸጊያው ከተቀደደማ አለቀለት» አለችኝ።

«እኔ እንዲህ ያለውን አስከፍቻለሁ፤ ያውም በገበያ መሐል» አልኳት።

ሳቀች። እኔን የምታውቀኝ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ አድርጋ ነው። ስለዚህ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ ነገርኳት።

ያደግሁት ሉማሜ ነው። እናቴ ዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበረቻት። የዓባይን ዳገት ወጥተው፣ ደጀንን አልፈው የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች እኛ ዘንድ ሲደርሱ ሞተሩም እነሱም ግለው ነበር። ዝንጅብል የገባበት ሻይና ትኩስ ፓስቲ አዝዘው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ካርታ ይጫወታሉ። ከነሱ አንዱ፣ ግራ እጁ ላይ አውራ ጣት የሌለው አንድ ሽማግሌ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ለብቻው ተቀምጦ በካርታ ምትሃት ይሠራ ነበር። ዐይኔን ከእጁ ላይ እንዳልነቀልኩ አይቶ ነው መሰለኝ አንድ ቀን ጠራኝ።

«እኔ በዘጠኝ ጣት ይህን ከሠራሁ አንቺ በዐሥሩ ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ።

ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰውየው በገዛ ፈቃዱ የመረጠ እየመሰለው አንቺ የፈለግሽውን ካርታ እንዲያነሣ ማድረግ። ለመልመድ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን ያረጀ ካርታውንም ሰጥቶኝ ሄደ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አስተማሪ ለመሆን ልማር ደብረ ማርቆስ ገባሁ። እዚያ ምትሃት የሚሠሩ አራት ወንዶች አገኘሁ። መሪያቸው ጋሽ አስናቀ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን አንዳችን ለአንዳችን እናሳያለን። የተሳሳተው ይሳቅበታል፤ የተሳካለት ድገም ይባላል። ጋሽ አስናቀ መርፌ ለብዙ ዓመት የያዙ ጣቶች ነበሩትና ካርታ በእጁ ላይ ውኃ ይመስል ነበር። በሕይወቴ እንደነዚያ ቅዳሜዎች የተደሰትኩበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ከዚያ ሲሳይ መጣ።

ሲሳይ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ለምትሃተኞች ዕቃ የሚሸጥ፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሻንጣው ጥቁር ሣጥን አወጣ፤ ክዳኑ ላይ በወርቅ ቀለም የተሣለ ወፍ አለበት፤ አፉ በቀይ ሰም ታሽጓል፤ ሰሙ ሥር ቁጥር ተጽፏል። «ውስን እትም ይባላል» አለ። ቃሉን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። «በጠቅላላው ስልሳ ብቻ ነው የታተመው። ለተራ ሰው አይሸጥም። አይከፈትም። ሲቆይ እየተወደደ ይሄዳል።» ሣጥኑን ለአፍታ አሳይቶ ወዲያው ወደ ሻንጣው መለሰው። አራቱንም ለየብቻ ወደ ውጭ እየጠራ «አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ ለአንተ ብዬ ነው» አላቸው። እያንዳንዳቸው የመጨረሻውን ያገኙ መስሏቸው ተመለሱ። የገዢዎቹንም ስም በአንድ ደብተር መዘገበ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን ሌላ ሆነ። ካርታ የሚበውዝ ጠፋ። የማን ቁጥር ትንሽ ነው፣ የማን ሰም አልተሰነጠቀም፣ ባሕር ዳር ያለው እገሌ ሁለት አለው፣ ወሬው ይኸው ብቻ። ጋሽ አስናቀ የራሱን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖረዋል፤ አውጥቶ ያሳየንና እጁን ታጥቦ ይመልሰዋል። ጣቶቹ ሲከብዱ በዐይኔ አየሁ።

እውነቱን ልናገርና እኔም አማረኝ። ሲሳይን ብጠይቀው «ሴት ማጂሺያን የት አገር አየሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ያረጀውን ካርታዬን አውጥቼ ሾፌሩ ያስተማረኝን ሠራሁበት። ሦስቴ ደገምኩለት፤ ሦስቴም እኔ የፈለግሁትን ካርታ አነሣ። ሰውየው ለካ ይሸጣል እንጂ እጁ ምንም አያውቅም ነበር።

«ይህን አስተምሪኝና አንዱን ውሰጂ» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከከፈትሽው ግን ከደብተሩ ትሠረዣለሽ።»

አስተማርኩት፤ ሣጥኑንም ወሰድኩ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ጤፉ ማሳው ላይ መቅላት ሲጀምር፣ እናቴ ላከችብኝ። ሉማሜ ስደርስ ሻይ ቤቱ ጭር ብሏል። ፓስቲው ሰፌድ ላይ እንደተከመረ ቀዝቅዟል። እኔ ያለሁበት ድረስ ሳይደርስ በመንደሩ የተወራው ይህ ነው፤ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ልጅ መተት ትሠራለች፣ ያ የሚሸተው ካርታዋ የተደገመበት ነው፣ የሰው ልብ ትሰውርበታለች። የወሬው መነሻ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር እሳት የተጫጫሩ ሴት ናቸው።

«የኔታም ሰምተዋል» አለችኝ እናቴ፤ የምታነሣቸው በአካባቢው የተከበሩትን የቅኔ መምህር ነው። «አምጫትና ልያት ብለዋል። ልጄ፣ ካርታውን አቃጥይና ይቅርታ ጠይቂያቸው። ሌላ ምን አለን?»

«ምን በደልኩ ብዬ?» አልኳት።

ሌሊቱን ሳይሆን መንገዱን ሙሉ አሰብኩበት፤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ። በሰው ፊት ሠርቼ የእጅ ሥራ መሆኑን ላሳይ ወሰንኩ፤ ግን ያረጀው ካርታ የተደገመበት ነው ከተባለ ማንም ያልነካው ካርታ ያስፈልገኛል። የሱቅ ካርታ ክዳኑ በጣት የሚከፈት የሚዘጋ ስለሆነ ቀድማ ነካክታዋለች ይባላል። በሰም የታሸገ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ለጋሽ አስናቀ ነገርኩት። መቀሱን አስቀመጠ።

«አብደሻል? ስልሳ ብቻ ያለ ነገር ለመንደር ሐሜት ይቀደዳል?»

«ሐሜቱ እናቴን ጾም እያሳደራት ነው፣ ጋሽ አስናቀ።»

«ሐሜት ያልፋል፤ ይህ ግን አይተካም። ብትከፍቺው እዚህ አትምጪ!»

በሉማሜ የገበያ ቀን ሻይ ቤታችን ደጅ ጠረጴዛ አወጣሁ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው መጥተው ተቀመጡ። እህል የጫኑ፣ ፍየል የሚጎትቱ፣ ሁሉም ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ የመጣው አውቶቡስ ሲቆም ደግሞ ጋሽ አስናቀ ወርዶ በሕዝቡ መሐል እየተጋፋ መጣ። «ዘመናይ፣ ተይ! ስለ ማርያም ተይ!» አለኝ ስሜን ጠርቶ።

ዐይኑን እያየሁ ሣጥኑን ለየኔታ ሰጠኋቸው። «የኔታ፣ እኔ አልነካሁትም። እርስዎ ይክፈቱት» አልኳቸው።

ሰሙን በጥፍራቸው ፈለጡት። ካርታውን አወጡ። የላይኛው ጀርባው ጥቁር ነው፤ የወርቅ ወፍ አለበት። ሁለተኛውን ገለጡ፤ ቀይ። ሦስተኛውም ቀይ። የቀሩት በሙሉ ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛው ተራ ቀይ ካርታ ነበሩ።

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። «ሰሙስ ተላጠ፤ ወርቁ የታለ?» አሉ።

ሰው ሳቀ። ጋሽ አስናቀ አልሳቀም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ሁሉ የጓጓሁለት፣ ምሥጢሬን የሰጠሁለት ነገር ባዶ ነበር። ግን እናቴ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ወርቁ ባይኖርም እጄ አብሮኝ ነበር።

«ወርቁን ይተዉት፣ የኔታ፤ በውዙልኝ» አልኳቸው። በወዙት። ተቀብዬ ዘረጋሁት። «እንግዲህ ልብ በሉ!» ብዬ ጮኽኩ ወደ ሕዝቡ። «ሁላችሁም ልብ በሉ! እርስዎም፣ የኔታ፣ ልብ ይበሉ!» አንድ ካርታ እንዲያነሡ ጠየቅኋቸው። አነሡ፤ ደረታቸው ላይ ደበቁት።

«ምን እንዳነሡ ከማንሣትዎ በፊት ነግሬዎታለሁ» አልኳቸው።

«መቼ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

የኔታ ካርታቸውን አየት አደረጉና በሳቅ ፈነዱ። መቋሚያቸው ወደቀ። «ሦስት ጊዜ ነገረችን እኮ! ልብ በሉ፣ ልብ በሉ እያለች!» ገልብጠው አሳዩ፤ ሦስት ቀይ ልብ ያለበት ካርታ ነበር። ልብ በሉ ማለቴን አስተውሉ ብቻ አድርጎ የሰማው ሁሉ አሁን ገባው። ገበያው በጭብጨባ ተናጋ።

«ይህ የእጅ ቅልጥፍናና የቃል ቅኔ ነው፤ መተት አይደለም» አሉ የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ቀጥለው ዝቅ ብለው «እስቲ አሁን እንዴት እንዳደረግሽው ንገሪኝ» አሉኝ።

«የኔታ፣ የቅኔን ምሥጢር ሳይደክም ለጠየቀ ሁሉ ይነግራሉ?»

«አልነግርም» አሉ።

«እኔም አልነግርም።»

እናቴ ደነገጠች። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ሻይ አዘዙ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተቀመጡት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እናቴ ለእሳቸውም ሻይ ቀዳችላቸው።

ጋሽ አስናቀን አውቶቡሱ ጋ ደረስኩበት። «እንግዲህ የራስህን ክፈተውና እየው» አልኩት።

«አልከፍትም» አለኝ። «የኔ የተለየ ሊሆን ይችላል። ምናለ አርፈሽ ብትቀመጪ? ሳይከፈት እኮ ዋጋ ነበረው።»

እስከ ዘንድሮ ድረስ አልከፈተውም። አራቱም የተቆጡት በሲሳይ ሳይሆን በኔ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ድረስ ሄጄ አንኳኳሁ፤ ሳቃቸው ከውስጥ ይሰማል፤ የከፈተልኝ ግን የለም። አልቅሼ ተመለስኩ፤ ይህን አልደብቅም። ሲሳይን ከወራት በኋላ መናኸሪያ አገኘሁት። «ንግዴን ገደልሽው» አለኝ። «ያስተማርኩህ አለ አይደል? እስቲ በእጅህ ሥራ» ብዬው አለፍኩ። እኔ በተራ ቀይ ካርታ ደጀንም ደብረ ኤልያስም እየዞርኩ አሳየሁ። አስተማሪ ከሆንኩም በኋላ ክፍልፋይ ያልገባው ተማሪ በካርታ ገብቶታል።

ባለፈው ጥምቀት ጋሽ አስናቀን ታቦት ስናጅብ አገኘሁት፤ አርጅቷል። ሰላምታ ሰጠሁት። «ይቅርታ ብትጠይቂን ምን ነበረበት?» አለኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ። እጁን ስሜ «አልጠይቅም» አልኩት።

ሰላም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ሁሉም ካርታ እውነተኛ ወርቅ ቢሆንስ ኖሮ? ያን ጊዜም ትከፍቺው ነበር?» አለችኝ።

ጥያቄው ለኔ አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄበታለሁ። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ያ የሚያምር ነገር በገበያ አቧራና በእጅ ወዝ ይበላሽ ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እቆጭ ነበር። ቢሆንም እኔ አስከፍተው ነበር። በዚያ በር ላይ የቆመችው እናቴ ናት፤ ስሟ የጠፋውም በኔ እጅ ተመካኝቶ ነው። እጄን ሲጠረጥሩት አቀርቅሬ ማለፍ ያን ጊዜ አልቻልኩበትም፤ ይኸው አርጅቼም አልተማርኩት።