የዘሀራ ስድስት መስመር

ዛሬ ጠዋት ከማላውቀው ሰው ፓች ደረሰኝ። ፓች የምንለው፣ የሠራነውን ፕሮግራም ሌላ ሰው አይቶ «ይህቺን አስተካክል» ብሎ የሚልከው ቁራጭ ኮድ ነው። ኮዱን ሳልከፍት «ማነው ደግሞ ይሄ?» አልኩና በራሴ አፈርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ሰሞን ነው። ወልድያ፣ ባጃጅ ሲንጫጫባት በሚውል የኪራይ ክፍል ተቀምጬ የእኛንና የፈረንጆችን ቀን የሚያገናኝ ፕሮግራም ሠራሁ። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ በነጻ ይወስዳል። መርሳ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ ያወጣበት ነበር። ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበት። በነሐሴ ዝናብ መሐል ዘሀራ የምትባል ሰው ስድስት መስመር ኮድ ላከችልኝ፤ «ፕሮግራሙ የዘንድሮዋን ጳጉሜ ስድስት አያውቃትም» ብላ።

ጠረጠርኩ። በነጻ የሚደክም ሰው ምን ፈልጎ ነው? እኔው ራሴ በነጻ እየደከምኩ መሆኔ ትዝ አላለኝም። አብሮኝ የሚኖረው ሞላም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ዋስ ጥሪ በላት» አለኝ። ለቤት ኪራይም ለሥራም የማይታወቅ ሰው ዋስ ይጠየቃልና ነገሩ ልክ መሰለኝ፤ ጻፍኩላት።

«ኮዱን ያንብቡት፤ ሌላ ዋስ የለኝም» ስትል መለሰች። ይባስ ጠረጠርኳት። ሳላነበው ተውኩት።

በመስከረም አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የመርሳዋ ሲስተር ደወለችልኝ። ክትባት የሚሰጠው ማክሰኞ ብቻ ነው፤ እናቶቹ ግን ዛሬ መጡ። ፕሮግራሙ ጳጉሜ ስድስትን ዘሎ ቀጠሮውን አንድ ቀን አሳልፎ ጽፎታል። ሚኒባስ ተሳፍሬ በረርኩ። መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል፤ ሌላ ጊዜ ሳልገዛ አላልፍም ነበር።

ደጁ ላይ ልጅ ያዘለች የሐብሩ ገጠር ሴት «ሁለት ወንዝ ተሻግሬ ነው የመጣሁ፤ ቀኑን ማነው የጣፈው?» አለች። ሲስተሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የውርጌሳ ጤና ጣቢያዎችም በዚሁ ባንተ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት፤ እነሱ ግን አልተሳሳቱም» አለችኝ።

ውርጌሳ ወረድኩ። ያቺ ፓች የላከችልኝ ዘሀራ ለካ የዚያው ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ስድስቷን መስመር በራሷ ቅጂ ላይ አስገብታለች። «እርስዎ ፕሮግራሙን አድሰው ባወጡ ቁጥር ትጠፋለች፤ እኔም መልሼ አስገባታለሁ» አለችኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አላህ ይቅር ይበለን። አሁንስ አነበቧት?»

አላነበብኳትም ነበር። እዚያው ከጎኗ ቆሜ አነበብኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ዛሬም እጠራጠራለሁ፤ ተንኮል ያዘለ ፓችም ገጥሞኝ ያውቃል። አሁን ግን መጀመሪያ አነባለሁ። ከእነዚያ እናቶች ብዙዎቹ በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሰው ልጆቻቸውን አስከተቡ። ሁለት ወንዝ የተሻገረችው ትመለስ አትመለስ ግን አላውቅም። በመርሳ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ ሲስተሯን ልጠይቅ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ አልወረድኩም።