ብርድ ልብስ የለበሰው ጋን

ግራዋ በእጅ ሲታሽ የሚወጣው መራራ ሽታ ዛሬም ከየግቢው ብቅ ሲልብኝ፣ አንድ ሰው ደርሶ እኔ ገና ያልተዘጋጀሁ እየመሰለኝ እቸኩላለሁ። እናቴ ጠላ ልትጠምቅ ጋን ስታጥብ ቤታችን እንዲህ ይሸት ነበር።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከጂቡቲ ያመጣውን ጭነት ሞጆ አራግፎ፣ አዳማ እኛ ጋ አንድ ሌሊት አድሮ ይመለስ ነበር። ክረምት ላይ ጎርፍ መንገድ እየዘጋበት ስለሚዘገይ ጠላው ደርሶ ይጠብቀው ነበር። በበጋ ግን ሳይታሰብ ከተፍ ይላል፤ ያን ጊዜ እናቴ እግሯ መሬት አይነካም፣ አሻሮውን እያመሰች ጋኑን በወይራ ታጥናለች፣ «ጌሾውን ወቀጥሽ?» ብላኝ መልሴን ሳትሰማ ሙቀጫውን ነጥቃኝ ራሷ ትወቅጥ ነበር።

አንድ ዓመት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ አባቴ ደውሎ ለበዓሉ እንደሚደርስ፣ ግን ምሳ በልቶ ወዲያው እንደሚመለስ ነገራት። ጌሾው ገና ውኃ አልነካም። እናቴ ደግሞ ባሏ በዓመት በዓል የሰው ጠላ ከሚጠጣ ሞቷን ትመርጥ ነበር። ስለዚህ ቀን እየተጠበቀ በየተራ የሚገባውን ጌሾ፣ ብቅልና አሻሮ ባንድ ቀን ደባልቃ ጋኑ ውስጥ ከተተችው፤ ይህም አልበቃ ብሏት፣ በተወለደችበት በደብረ ብርሃን ብርድ እናቷ ታደርግ እንደነበረው፣ ቶሎ እንዲፈላ ብላ ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው።

ጎረቤታችን አደ ጫልቱ አይተው በሳቅ ፈረሱ።

«አቦ ሙሉዬ፣ እዚህኮ አዳማ ነው! እኛ ልብስ ከብዶን አንቺ ጋን ታለብሻለሽ?»

እናቴ መች ሰምታ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በበዓሉ ጠዋት ጠላው ገንፍሎ ክዳኑን ፈንቅሎ ወለሉን አጥለቀለቀው፤ ጋኑ ውስጥ የተረፈውም ሆምጣጤ ሆኖ ነበር።

አባቴ መጥቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨላትና ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። «ሙሉ፣ ይሄስ ባትሪ የሞተበት መኪና ያስነሳል!» እሷ ግን አልሳቀችም። የራሰውን ብርድ ልብስ ትጨምቃለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ የኮመጠጠውን በስኳር ላድነው ብላ ደጋግማ ታጠልላለች። አባቴ ከጎኑ ያለውን ዱካ እያሳየ «ተይው፣ ቁጭ በይ» ይላታል። «መጣሁ» ትለዋለች። ቆይቶ ደግሞ ይጠራታል፣ «መጣሁ» ትላለች። እኔ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አያለሁ። እንዲህ እንዳሉ ረዳቱ ከደጅ ጥሩምባውን ነፋ፤ አባቴ ግንባሯን ስሟት ወጣ። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ እናቴ መጥታ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች፣ እጇ ላይ አሻሮ እንደተለጠፈ አለቀሰች።

ዛሬ አባቴ መሪ ከጨበጠ ቆይቷል፤ ቀኑን ሙሉ ከቤት አይወጣም። እናቴም ጌሾውን ዘፍዝፋ አጠገቡ ቁጭ ትላለች፣ ሲደርስ ይደርሳል እያለች ታወጋዋለች። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ የምሠራው እኔ ነኝ አሁን የምባክነው፤ እግረ መንገዴን ጎራ ስል፣ ስልኬ ሲጮህ፣ ጠላው ተቀድቶ ሳይነካ ይቀራል።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ እንጂ» ትለኛለች።

«መጣሁ» እላታለሁ፣ በሩን እየከፈትኩ።