ጥንብ አንሳዋና ወላዷ በአንድ መኪና

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ነድቻለሁ፣ ብዙ ሰውም ጭኛለሁ። ያን ቀን ግን ከጭንቅላቴ ላወጣው አልቻልኩም። ለሰው ሳወራው አንዱ "ደግ ሠራችሁ" ይለኛል፤ ሌላው "ለአሞራ ይሄ ሁሉ?" ብሎ ይስቃል። እኔን አንዱም አያሳርፈኝም።

እንድሪስ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ከሚሴ ነው። በኮንትራት የማሠራት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ አለችኝ። ያን ሰሞን የምትሠራው ለዶክተር ሰብለ ነበር። ዶክተር ሰብለ ከአዲስ አበባ የመጣች የዱር እንስሳት ሐኪም ናት። በጨፋ ረግረግ ዙሪያ ያሉትን ጥንብ አንሶች ትከታተላለች። መኪናዬን የተከራዩላት መሥሪያ ቤቷ ያሉ ሰዎች ናቸው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሥራዋ አስቆኝ ነበር። ጥንብ አንሳ ማለት ለእኔ ቄራ ለቄራ የሚዞር፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አሞራ ነው። ዘሩ ከዓለም እየጠፋ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት።

"እዚህ አሁንም ስለምታዩዋቸው የሚያልቁ አይመስላችሁም" አለችኝ። "ሌላ አገር ያሉ ሰዎችም እንደዚሁ ይመስላቸው ነበር።"

ያን ቀን ጠዋት ከሸለቆው ስልክ ተደወለላት። ከማሽላው ማሳ ማዶ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ሲወረድ፣ አሞሮች መሬት ላይ ተዘርረዋል ተባለ። ስንደርስ ጅብ በልቶ ያተረፋት የሞተች አህያ ወድቃለች። ዙሪያዋን ጥንብ አንሶቹ ሞተዋል። አንዳንዶቹ ክንፋቸውን እንደዘረጉ ነው የቀሩት።

የአህያዋ ባለቤት አጠገባችን መጥተው ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው። ምንም አልደበቁም።

"ጅብ አህያዬን በላብኝ" አሉ። "ውሃ የምታመላልስልን እሷ ነበረች። አሁን አሮጊቷ ሚስቴ በጀርባዋ ልትሸከም ነው? ጅቡ ሲመለስ እንዲሞት ብዬ የተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ነሰነስኩ። ለአሞራ ብዬ አይደለም ወላሂ።"

ዶክተር ሰብለ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና ጓንቷን አጥልቃ እያንዳንዱን አሞራ መንካት ጀመረች። ከመካከላቸው አንዷ ትተነፍሳለች። አንገቷ ተልፈስፍሶ፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ። ዶክተሯ መርፌ ወጋቻትና በጆንያ በተነጠፈ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስተኛቻት።

"ኮምቦልቻ መሣሪያ ያለው ሐኪም ጓደኛ አለኝ" አለችኝ። "ቶሎ ከደረስን ትተርፋለች። ግን ሙቀት ያስፈልጋታል፣ ዝናብ ሊነካት አይገባም።"

ሰማዩ ጠቁሯል። ሳጥኑን የኋላው ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ወንበሩን እንዳለ ሞላው። የሞቱትን ሌላ እንስሳ እንዳይነካቸው በሸራ ሸፍነን፣ ዙሪያውን በእሾህ አጥረን፣ በማግስቱ መጥተን ልንቀብራቸው ከሽማግሌው ጋር ተስማምተን ወጣን።

ብዙም ሳንርቅ ዝናቡ ለቀቀው። ጎማዬን ጭቃው እየዋጠው በዝግታ ነው የምነዳው። ከአንድ ጎጥ በታች ስንደርስ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መንገዱ መሐል ገብተው እጃቸውን አወዛወዙ። ቃሬዛው ላይ ጋቢ የለበሰች ሴት አለች። ሆዷ ገፍቷል።

ባልየው ወደ መስኮቴ ሮጦ መጣ። ኡመር ይባላል። በኋላ ነው ስሙን ያወቅኩት።

"ማሎ ወንድሜ፣ በአላህ" አለኝ። "ምጥ ከያዛት ቆየ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ደሴ ሄዷል። በእግራችን አስፋልቱ ጋ አንደርስም።"

እኔ ወደ ዶክተሯ ዞርኩ። እሷ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳጥኑ ዞረች። ከዚያ ወደ ቃሬዛው አየች። ዝምታው ረጅም አልነበረም፤ አንድ ሰው ትንፋሹን ስቦ እስኪመልስ ያህል ቢሆን ነው። እኔም በዚያ ዝምታ ውስጥ ነበርኩ። ግቢ ብዬ በሩን አልከፈትኩም፤ የእሷን ቃል እየጠበቅኩ ነበር።

ከዚያ ወረደች። ሳጥኑን ራሷ ጎትታ አወጣችና "ወንበሩን አጽዳላቸው" አለችኝ።

ወንበሩ ላይ ጥንብ አንሳዋ ያስመለሰችው ነገር ፈሶበታል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በውሃና በሳሙና አጥቤ ላስቲክ አነጠፍኩበት። የወላዷ እናት በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን በሻሻቸው ይዘዋል።

"በአሞራ ቦታ ነው ልጄን የማስተኛት?" አሉ።

ልጅቷ እንደገና ስታቃስት እሳቸውም ተዉት። አስተኝተናት ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ አደረግን። ዘሃራ ነው ስሟ። ሌሎቹ ተሸካሚዎች እዚያው ቀሩ። ከፊት አጠገቤ ለአንድ ሰው ቦታ ነበር፤ ሳጥኑ ግን አይገባም። ዶክተሯ ሳጥኑን ይዛ ከኋላ ክፍቱ የጭነት ቦታ ላይ ወጣች። ኡመርም ጋቢና መግባት ትቶ ተከትሏት ወጣ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት የሚስቱን ጩኸት ቅርብ ሆኖ መስማት አልቻለ ይሆናል።

የኋላው መስታወት ተንሸራታች ነው፤ ክፍት ስለነበር ንግግራቸው ይሰማኛል። ዘሃራ ስታምጥ እናቷ "ጀባዱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ጀባዱ" እያሉ በኦሮምኛ በርቺ ልጄ ይሏታል። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ኡመር ከዶክተሯ ጋር ያወራል።

"ምን ሆና ነው?" አላት፣ ስለ ጥንብ አንሳዋ።

"መርዝ በልታ።"

"እና የት ትወስጃታለሽ?"

"ኮምቦልቻ። ሐኪም ጋ።"

"እኛ ከንጋት ጀምረን ስንደውል ነበር" አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ላንድ ሰው የሚሆን መኪና ጠፋ። ለአሞራ ግን ከአዲስ አበባ ድረስ ተመጣ። እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው፤ የማን ነፍስ ነው የሚበልጠው?"

መልሷን ለመስማት ጆሮዬን ወደ ኋላ ሰጠሁ። ጥንብ አንሶች ባይኖሩ ስለሚመጣው በሽታ ብዙ የምትለው እንዳላት አውቃለሁ፤ ለእኔ ብዙ ጊዜ አስረድታኛለች። ያን ጊዜ ግን ከዚያ ምንም አላወራችም።

"የሚስትህ" አለችው። "መኪናውን ግን የሰጡኝ ለአሞራ ነው። ለሚስትህ ብዬ ብጠይቅ አይሰጡኝም። ይሄን ከዛሬ በፊት አስቤው አላውቅም።"

በመስታወት ሳይ ዝናቡ ሁለቱንም አበስብሷቸዋል። የዝናብ ልብሷን አውልቃ ሳጥኑ ላይ ደርባዋለች። ነፋሱ ሲገልጠው ኡመር ጫፉን ያዘ። ከዚያ በኋላ አለቀቀውም። ሚስቱ በጮኸች ቁጥር ጫፉን ጨምድዶ ይይዛል።

አንድ ቦታ ጎማው ሰመጠ። ሁለቱም ወርደው ገፉ። እኔ ነዳጁን ስሰጥ ጭቃው ፊታቸውን አለበሳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ልጅቷ መኪናዬ ውስጥ ትሞታለች ብዬ። መኪናዋ ከጭቃው ስትወጣ "አልሐምዱሊላህ" ያልኩት በእንባ ነው።

ከሚሴ ሆስፒታል ደረስን። ወዲያው ተቀብለው አስገቧት። ሥራችን ያለቀ መስሎኝ ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም። አንዲት አዋላጅ ነርስ ተመልሳ ወጣች።

"ሕፃኑ አመጣጡ ጥሩ አይደለም" አለችን። "እዚሁ እንሞክራለን። ካልሆነ ወደ ደሴ እንልካታለን። አምቡላንሱ አልተመለሰም። ይቺ መኪና ትቆያለች?"

ዶክተር ሰብለ ሳጥኑን ከፈት አድርጋ አየች። ጥንብ አንሳዋ አሁንም ትተነፍሳለች። ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። አሁን ብንነሳ እንደርሳለን። ያኔ ወደ እኔ ዞረች።

"እንድሪስ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

መጠየቄ ራሱ አናደደኝ። ኪራዩ የሷ፣ ሙያው የሷ፣ አሞራዋም የሷ። ሸክሙን ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ኡመር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሁለታችንንም ያየናል። ብንሄድ የሚለምነን አይመስለኝም፤ የሚረግመንም አይመስለኝም። ለመሄድ የከበደኝም ይሄ ነው።

"እንጠብቅ" አልኩ።

"እንጠብቅ" አለች እሷም።

ከሆስፒታሉ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ሳጥኑን አስቀምጣ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። አንዴ ውሃ በሲሪንጅ ታጠጣታለች፣ አንዴ ደረቷን ታዳምጣለች። እኔ መኪናዬን ዙሪያዋን እዞራለሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ነዳጅ አለ ወይ ብዬ እንደገና አያለሁ። ከውስጥ በር በተከፈተ ቁጥር ሦስታችንም ቀና እንላለን።

አንድ ጊዜ ቀና ስል ዶክተሯ እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ አቀርቅራለች። አልተንቀሳቀሰችም። ሄጄ አየሁ። ጥንብ አንሳዋ ሞታለች።

የሕፃን ለቅሶ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ። እዚያው ከሚሴ፣ ያለ ደሴ፣ ያለ እኛ መኪና ተወለደች። እናትየዋም ልጅቷም ደህና ናቸው ተባለ።

ኡመር ገብቶ አይቷቸው ሲመለስ ፊቱ በርቷል። "ጋላቶማ፣ አላህ ይስጣችሁ" እያለ መጣና ሳጥኑን አየ። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስላል።

"በእኛ ምክንያት ነው?" አላት።

"በመርዙ ነው" አለችው ዶክተሯ። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። ሁለታችንም ብንሄድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አናውቅም። ሁለታችንም ግን ያንኑ እያሰብን ነበር።

በማግስቱ የሞቱትን ልንቀብር ስንወርድ ኡመር አካፋ ይዞ እዚያው ደርሶ አገኘነው። ማንም አልጠራውም። ባለ አህያውም መጡ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርን። መርዙ ወደ ውሻና ወደ ከብት እንዳይሄድ አህያዋንም አሞሮቹንም አብረን ቀበርን። ኡመር ሳይታክት ቆፈረ። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ ለሽማግሌው "አባቴ፣ ጅቡን በአጥር እንከልክለው። እኔም አግዝዎታለሁ" አላቸው። አጥሩ ቆመ ሲባል ሰምቻለሁ። ጅቡ መምጣቱን ግን አልተወም አሉ።

በቀጣዩ በጋ በሽታ ገባና ሸለቆው ውስጥ ብዙ ከብት ሞተ። በድኑ እንደ ድሮው በአንድ ቀን አልተጠረገም። ባለቤት አልባ ውሾች በዙ። የእህቴን ልጅ አንዱ ነከሳትና ክትባት ፍለጋ እኔው በዚያችው መኪና ደሴ ወሰድኳት። ደህና ናት። ውሾቹ የበዙት በእነዚያ ጥንብ አንሶች መሞት ነው ብዬ መማል አልችልም። መንገድ ላይ ግን ዶክተሯ ድሮ ስታስረዳኝ የሳቅኩት ትዝ እያለኝ ነበር የምነዳው።

በቅርቡ ሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ ላይ ኡመርን አገኘሁት። ልጅቷ መራመድ ጀምራለች አለኝ። ደስ አለኝ፣ ከልቤ። ስለ አሞራዋ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ተሰነባብተን ስንለያይ ግን ዞር ብሎ "ያቺ ዶክተር ደህና ናት?" ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ሥራዋ ላይ ናት።

አሁን መኪናዬን የሚከራየኝን ሰው ሁሉ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ መንገድ ላይ በሽተኛ ካገኘሁ እቆማለሁ፣ ምንም ብጭን። አንዳንዱ ይስማማል፤ አንዳንዱ ሌላ መኪና ይፈልጋል። በዚህ አልጸጸትም።

የማያሳርፈኝ ሌላው ነው። ሰው ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። እኛ ግን ሆስፒታል ካደረስናት በኋላ ሰው አላዳንንም፤ ቆመን ጠበቅን ብቻ። ልትድን የምትችል ነፍስ በእጃችን ላይ ሞተች፣ ልትሞት ትችላለች ያልናት ያለ እኛ መጠበቅ ተረፈች። ያ ቀን ቢደገም ዛሬም "እንጠብቅ" እላለሁ። እንዲያም ብዬ እንደ ያኔው መኪናዬን እዞራለሁ።