አንዲት ሳል

በኮሮናው ጊዜ ነው። አባቴን ፕሮስቴት ካንሰር ይዞት፣ ለሲቲ ስካን የሰጡን ቀጠሮ ስንት ወር መሰላችሁ? ሰባት! ቀኑን አቅርቡልን ብለን ልንለምን ከምንኖርበት ከኦሬንጅ ፋርም ጆሃንስበርግ ድረስ በታክሲ ሄድን።

ሆስፒታሉ በር ላይ አባቴ ማስኩ አፍኖት አሳለ። አንዴ ብቻ! በዊልቸር አጣድፈው አስገቡት፤ ሰዓት ሳይሞላ ሲቲ ስካኑ ላይ ተጋደመ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ደረቱን አንስተው ሲጨርሱ ባለሙያውን፣ «ቡቲ፣ ወንድሜ፣ በሞቴ፣ እዚያው እንደተኛ ሁለት ስንዝር ዝቅ ብለህ አንሳልን» አልኩት።

«ከወገብ በታች ሰባት ወር ይጠብቃል» አለኝ።

«ምን አለ ልጄ?» አለኝ አባቴ። ነገርኩት።

«በል እንግዲህ ጸልይ» አለኝ፤ «በሽታው ወደ ላይ እንዲወጣ።»